እሁድ የሚብስ የወገብ ሕመም፦ የአንዲት ልብስ ሰፊ ጉዳይ ከሀዋሳ

ይህ የአንዲት የ31 ዓመት ልብስ ሰፊ ጉዳይ ነው። ሀዋሳ፣ አሮጌ ገበያ አካባቢ፣ ከታላቅ እህቷ ጋር በተከራየችው ሱቅ ትሠራለች። ታሪኳ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ ማንነቷን የሚያሳብቁ ጥቃቅን ነገሮችን ግን ቀይሬያለሁ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ከሚከታተሏት ሐኪሞች አንዱ። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ለአንድ ምክንያት ነው። አንጀትና መገጣጠሚያ አብረው ሲታመሙ ነገሩ በአንድ ክፍል ብቻ እንደማይፈታ ከዚህ በላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ታካሚ የለም።

ወደ እኛ ያመጣት ወገቧ ነው። አራት ዓመት አሟታል። በእነዚህ ዓመታት ያልተባለችው ነገር የለም። ኩላሊት ነው ተብሎ ሽንቷ ተመርምሯል። ብርድ ነው ተብሎ ወጌሻ አሽቷታል። ዲስክ ይሆናል ተብሎ የወገብ ራጅ ተነስታ «ምንም የለም» ተብላለች። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ሲነሳባት ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝታ ትውጣለች፣ ሲጠናባት ደግሞ መርፌውን ትወጋለች። ቀኝ ተረከዟንም ያማታል፤ እሱ «የፔዳሉ ነው» ተብሏል። ሥራዋን የሰማ ሁሉ ምክንያቱን እዚያው ያገኘዋል፦ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው ወገቡን ባያመው ነው የሚገርመው።

መጀመሪያ ያየቻት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊቲ የምትማር ሐኪም፣ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረች።

«መቼ ነው የሚብስብሽ እህቴ?»

«እሁድ።»

እሁድ ሱቁ ዝግ ነው።

«እሁድ ተኝቼ ስውል ነው የምሰቃየው ዶክተር። ሌሊትማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወገቤ ቀስቅሶ ያስነሳኛል፤ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ቀለል ይለኛል። ጠዋት እንደ እንጨት ደርቄ ነው የምነሳው። ሰኞ ሱቅ ገብቼ ትንሽ ከሰፋሁ በኋላ ነው የሚፍታታልኝ።»

እዚህች ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሥራ ያደከመው ወገብ ሲያርፍ ይሻለዋል፤ የእሷ ተገላቢጦሽ ነው። ከ40 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ፣ ቀስ እያለ የመጣ፣ ከሦስት ወር በላይ የቆየ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚሻል ሲያርፉ ግን የማይሻል፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የወገብ ሕመም ሲገጥመን የጡንቻ ድካም ሳይሆን ብግነት (የሰውነት መቆጣት) እንጠረጥራለን። ይህን ለመጠየቅ ማሽን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፣ በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ደግሞ ቀድማ የምትጠፋው ያቺው ጊዜ ናት።

ሬዚደንቷ አስቁማ ለካቻት። አለካኩ ቀላል ነው። ከወገብ በታች ሁለቱ ጎድጓዶች ባሉበት መስመር ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ሌላ ምልክት፣ ከዚያ ታካሚዋ ጉልበቷን ሳታጥፍ ወደ ፊት ታጎነብሳለች። ጤነኛ ወጣት ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የእሷ 12 ላይ ቆመ። የተለካችበት ሜትር የራሷ ነበር፤ ከሱቅ ስትወጣ ከአንገቷ ላይ ሳታወርደው ነው የመጣችው።

ግራ ጉልበቷ አብጧል፣ ሲነካም ይሞቃል። ቀኝ ተረከዟ ከኋላ፣ ትልቁ ጅማት አጥንቱ ላይ የሚጣበቅበት ቦታ፣ ከግራው ወፍሯል፣ ጫን ሲሉት ትጮኻለች። ፔዳሉን ግን የምትረግጠው በሁለቱም እግሯ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ «ሆድሽስ?» የሚል ነበር። ታካሚዋ ዝም አለች። የመለሰችው እህቷ ናት። «ሆዷማ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አለፈው።»

በክፉ ቀን አምስት ስድስት ጊዜ ያስቀምጣታል። ንፍጥ አለው፣ አንዳንዴ ደም። ሌሊትም ያስነሳታል። የራሷን ቀሚሶች ጎን ሁለት ጊዜ አጥብባለች፤ ሚዛን ላይ ወጥታ አታውቅም እንጂ ክብደት መቀነሷን በዚያ ነው ያወቀችው። ይህ ሁሉ ሲታከም የኖረው አሜባ ተብሎ ነው። ሜትሮኒዳዞል፣ ቲኒዳዞል፣ እንደገና ሜትሮኒዳዞል። ደሙ ደግሞ ኪንታሮት ተባለ።

«ታዲያ ይሄን ለምን አልነገርሽንም?» ስትላት የሰጠችው መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ለወገቤ መጥቼ ስለ ሆዴ ላውራ?»

እውነቷን ነው። አሠራራችን ራሱ ነው እንዲህ ያስተማራት። ለሆዷ የሄደችበት ቦታ ሌላ፣ ለወገቧ ሌላ፣ ካርዱም ሌላ። ነርሷ ወረፋ ሲደርስ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብላ የምትጠይቀው አንድ መልስ ጠብቃ ነው።

ስለ አሜባው አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በየቤቱ ያለ ታሪክ ነው። በማይክሮስኮፕ ብቻ ሲታይ በሽታ የሚያመጣው አሜባና ምንም የማያደርገው መሳዩ አይለያዩም፤ ቀይ የደም ሴል ውጦ ካልታየ በቀር። ከዚያም አልፎ አንጀት ሲቆጣ ወደ ሰገራ የሚወጡ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ራሳቸው አሜባ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ «አሜባ አለ» የሚል ወረቀት መምጣቱ አያስደንቅም። ተደጋግሞ ታክሞ የሚመለስ፣ ደም ያለው፣ ሌሊት የሚያስነሳና ክብደት የሚቀንስ ተቅማጥ ግን ሌላ ዙር ሜትሮኒዳዞል ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ነው የሚፈልገው።

እህትየው ሁለት ነገር ጨመረች። አንደኛው፦ «ሆዷ ሲብስባት ጉልበቷም ያብጣል።» ሁለተኛው፦ ባለፈው ዓመት ዓይኗ ቀልቶ፣ የስፌት መኪናዋን አምፖል ማየት አቅቷት፣ ጠብታ ተሰጥቷት ከሳምንታት በኋላ ተሽሏታል። ሁለቱንም ማንም አልጠየቀም፣ እሷም አልተናገረችም።

እዚህ ጋ አንባቢው እንዲከተለኝ ጥቂት ማብራራት አለብኝ። የአንጀት ብግነት፣ እኛ አይቢዲ የምንለው፣ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው፦ ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በገዛ አንጀት ላይ የሚያምጽበት የረጅም ጊዜ ሕመም ነው። አንጀት ላይ ብቻ አይቆምም። ዓይን ይነካል፣ ቆዳ ይነካል፣ ከሁሉም በብዛት ደግሞ መገጣጠሚያ ይነካል። መገጣጠሚያውን የሚነካበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የኦክስፎርድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የእጅና የእግር መገጣጠሚያ ሕመሙን ለሁለት ከፍለውታል። የመጀመሪያው ከአምስት ያነሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትላልቅ መገጣጠሚያዎችን የሚይዝ፣ አንጀቱ ሲቆጣ አብሮ የሚነሳና ባብዛኛው በ10 ሳምንት ውስጥ የሚበርድ ነው። ሁለተኛው አምስትና ከዚያ በላይ፣ ብዙ ጊዜ የጣት መገጣጠሚያዎችን የሚይዝ፣ ከአንጀቱ ጋር የማይሄድና ለወራት፣ ለዓመታት የሚቆይ ነው። የአከርካሪው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። አንጀቱ ቢበርድም ባይበርድም በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ከአንጀቱ ሕመም ዓመታት ቀድሞም ሊጀምር ይችላል።

የእሷን ታሪክ በዚህ ላይ አስቀምጡት። ጉልበቱ ከሆዷ ጋር ይነሳል፣ ከሆዷ ጋር ይበርዳል። ወገቧ ከሆዷ ሁለት ዓመት ቀድሞ ጀመረ፣ ከሆዷም ጋር አይገናኝም። እህትየው ሳታውቀው ምደባውን ነግራናለች።

ይህ ሁሉ ግን ጥርጣሬ ነው። ከጥርጣሬ ወደ ምርመራ ውጤት ለመድረስ ብዙ ሰው አስፈለገ።

የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት፣ ሩማቶሎጂስት፣ በአገራችን በጣም ጥቂት ነው፤ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ያለውን ሰበሰብን። የአንጀት ሐኪሙ፣ ራዲዮሎጂስቷ፣ የዓይን ሐኪሙ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ክሊኒካል ፋርማሲስቷ፣ ሬዚደንቷና እኔ። አዲስ አበባ ያለ ሩማቶሎጂስት በስልክ ገባ፤ ምስሎቹ ስሟ ተሸፍኖ ቀድመው በቴሌግራም ሄደውለታል። ትልቅ ስብሰባ አይደለም። ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ። ከዚያ በፊት ሁሉም የየድርሻውን ሠርቶ እንዲመጣ ተባብለን ነበር።

ራዲዮሎጂስቷ መጀመሪያ ያነሳችው የድሮውን ራጅ ነው። ታካሚዋ በፌስታል ጠቅልላ ዓመታት ያስቀመጠችው ፊልም። «ያኔ ያነበበው ሰው አልተሳሳተም» አለች። «የተጠየቀው ስለ ዲስክ ነው፣ ዲስኩ ደግሞ ጤነኛ ነው።» ከዚያ ጣቷን ከፊልሙ ታችኛው ጠርዝ ላይ አደረገች። አከርካሪ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝበት፣ ሳክሮኢሊያክ የሚባለው መገጣጠሚያ እዚያ ጋ ተቆርጦ ቀርቷል። ቢታይም ኖሮ ያኔ ብዙ ላያሳይ ይችል ነበር፤ ብግነቱ በራጅ ላይ ለመታየት ዓመታት ይፈልጋል፣ በኤምአርአይ ግን ቀድሞ ይታያል።

ኤምአርአይ ውድ ነው፣ ታካሚዋ የምትከፍለው አንዴ ነው። ራዲዮሎጂስቷ ከምርመራው በፊት ደውላ የመጠየቂያውን ወረቀት ያስቀየረችው ለዚህ ነው። እኛ የጻፍነው «የወገብ ኤምአርአይ» የሚል ነበር፤ እሷ «ሳክሮኢሊያክ፣ የስብ ምልክት ጠፍቶ እርጥበት በሚያሳየው አነሳስ» ወደሚል አስለወጠችው። ያ የስልክ ጥሪ ባይኖር ብሩም ጊዜውም በከንቱ ይሄድ ነበር። በአዲሱ ምስል ላይ በሁለቱም ጎን፣ ከመገጣጠሚያው አጠገብ ያለው የአጥንት መቅኔ እርጥበት ይዟል፣ ጠርዙም መሸርሸር ጀምሯል። በሁለቱም ጎን የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የዓይን ሐኪሙ ያመጣው አጭር ነገር ነው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጎላት በማሽኑ ሲያያት የግራ ዓይኗ ብሌን ክብ ሆኖ አልተከፈተም። ከታች በኩል ተይዟል። አይሪሱ፣ ብሌኑን የከበበው ባለ ቀለም ክፍል፣ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር የተጣበቀበት ጠባሳ ነው። ይህ ተራ የዓይን መቅላት የሚተወው ምልክት አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ያለፈው ዩቪአይተስ፣ የዓይን ውስጥ ብግነት ነበር። ዳግም ቢነሳና ቶሎ ባይታከም ማየቷን ሊጎዳ ይችል ነበር።

ዋናው ክርክር የተነሳው አንጀቱ ላይ ነው።

ኮሎኖስኮፒው፣ አንጀትን ካሜራ ባለው ቱቦ ከውስጥ የሚያየው ምርመራ፣ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይና ትልቁ አንጀት ላይ ቁስሎች አሳይቷል፤ በመካከላቸው ጤነኛ የሆነ ቦታ አለ። ይህ ክሮንስ ይመስላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከክሮንስ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ የአንጀት ቲቢ። ያንኑ ቦታ ይወዳል፣ ያንኑ ቁስል ያቆስላል። ግራ መጋባቱ አዲስ አይደለም። ዳልዚል የተባለ የግላስጎው ቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1913 ይህን የአንጀት ሕመም ሲገልጽ፣ በሽታው ክሮንስ የሚለውን ስም ሳያገኝ፣ ከቲቢ እንዴት እንደሚለይ ሲያስብ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ጥያቄው ዛሬም የእኛው ነው።

ስህተቱ በየትኛውም በኩል ከባድ ነው። ቲቢ ሆኖ ሳለ ክሮንስ ብለን የሰውነት መከላከያን የሚያዳክመውን ስቴሮይድ ብንሰጣት ቲቢው ይዛመታል። ክሮንስ ሆኖ ሳለ የቲቢ መድኃኒት ለስድስት ወር ብንሰጣት አንጀቷ እየጠበበ፣ ወገቧ እየደረቀ ስድስት ወር ይባክናል። የባዮፕሲው፣ ከአንጀቷ ተቆንጥሮ የተወሰደው ናሙና፣ ውጤት የቆየ ብግነት ይላል፣ ቲቢ ላይ የምናየው ዓይነት መሐሉ የበሰበሰ ግራኑሎማ (የሴሎች ጉብታ) የለም። የቲቢ ተህዋስን የዘር ቅንጣት የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ነጻ ነው። የአንጀት ናሙና ላይ ግን ጂን ኤክስፐርት ብዙ ቲቢ ስለሚያመልጠው ነጻ መሆኑ ብቻውን አያሳርፍም። የክንድ ቆዳ ምርመራዋ አዎንታዊ ነው፤ ይህም ከቲቢ ተህዋስ ጋር ተገናኝታ ታውቃለች ከማለት አያልፍም። የደረት ራጅዋ ንጹህ ነው። ትኩሳትና የሌሊት ላብ የላትም፣ ሆዷ ውስጥ ውሃ አልቋጠረም።

የአንጀት ሐኪሙ በግልጽ ተናገረ። «እኔ አንጀቱን ብቻ ይዤ ብቀመጥ ስልሳ አርባ ነው የምለው። በስልሳ አርባ ደግሞ ስቴሮይድ አልጀምርም።»

እዚህ ላይ ነው መገጣጠሚያው ለአንጀቱ የመሰከረው። ቲቢ ሳክሮኢሊያክን ሲይዝ ብዙ ጊዜ አንዱን ጎን ብቻ ነው የሚይዘው፤ የእሷ ሁለቱም ጎን ነው። ቲቢ እዚያ አራት ዓመት ቢቀመጥ መግል በቋጠረ፣ አጥንት በበላ ነበር፤ ምስሉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የዓይኑ ጠባሳና የተረከዙ ጅማት ሲጨመሩበት ሚዛኑ ወደ ክሮንስ አጋደለ። ሬዚደንቷ ጥሩ ጥያቄ አነሳች፦ ቲቢ ያለበት ሰው ተህዋሱ መገጣጠሚያው ውስጥ ሳይገባ መገጣጠሚያው የሚያብጥበት ፖንሴ የሚባል ሁኔታ አለ፣ እሱ ቢሆንስ? ከአዲስ አበባ በስልክ መልስ መጣ። ፖንሴ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሊይዝ ይችላል፤ ከሆዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የጀመረ፣ ሁለቱንም ሳክሮኢሊያክ የያዘ የወገብ ሕመምን ግን አያስረዳም።

ብሩሴሎሲስንም አልዘለልነውም። ቤተሰቦቿ ይርጋለም አካባቢ ከብት አላቸው፣ ስትሄድ ጥሬ ወተት ትጠጣለች፣ ብሩሴላ ደግሞ ሳክሮኢሊያክን ይወዳል። የደም ምርመራው ተደግሞ ነጻ ሆነ። አንድ ሰው ኤችኤልኤ ቢ27 የሚባለውን የዘር ምርመራ እንላክ ብሎ ነበር። ሩማቶሎጂስቱ ገንዘቧን አታስጨርሱ አለ። ምርመራው አዎንታዊ ሲሆን ይረዳል፤ ከአንጀት ብግነት ጋር በሚመጣው የአከርካሪ ሕመም ላይ ግን ብዙ ጊዜ ነጻ ይሆናል፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ደግሞ ቀድሞውኑ ብርቅ ነው። ነጻ ቢመጣ ምን እንለውጣለን? ምንም።

በስተመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው፦ ክሮንስ፣ ከአከርካሪና ከትላልቅ መገጣጠሚያዎች ብግነት ጋር። ጥርጣሬው ዜሮ አልሆነም። ስለዚህ የምንፈተንበት ነገር አብረን ወሰንን፦ ሕክምና ተጀምሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ኮሎኖስኮፒው ይደገማል፣ በመካከሉ ትኩሳት ወይም ላብ ከመጣ ሁሉም ነገር ቆሞ እንደገና እንቀመጣለን።

ሕክምናው ላይ ቡድን የሚያስፈልግበት ምክንያት የበለጠ ጎልቶ ወጣ። የመገጣጠሚያ ሐኪም መጽሐፍ ለአከርካሪ ብግነት መጀመሪያ የሚያዘው እንደ ዲክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ያሉትን ነው። የአንጀት ሐኪም መጽሐፍ ደግሞ እነዚህኑ መድኃኒቶች አንጀት ሊያስቆጡ ይችላሉ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ታካሚዋ ግን አንድ ናት። እሷም ዓመታት ሙሉ ለወገቧ የወሰደችው ዲክሎፌናክ ሆዷን ሲያባብስ ኖሮ ሊሆን ይችላል። አቁሚ ስንላት ደነገጠች። «እሱን ካቆምኩ በምን ልነሳ?» ይህን ጥያቄ ፓራሲታሞል ብቻውን አይመልሰውም፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ባይኖር ኖሮ መልስ አልነበረንም። ጠዋት አልጋ ላይ የምትሠራው፣ ሱቅ ውስጥ በየሰዓቱ ተነስታ ግድግዳ ተደግፋ የምትሠራው እንቅስቃሴ አስተማራት፣ የወንበሯን ከፍታም አስለወጣት።

ወደ ከባዶቹ መድኃኒቶች ስንመጣ ልዩነቱ የባሰ ነው። ኢታነርሴፕት ለአከርካሪ ብግነት ጥሩ ይሠራል፣ ለክሮንስ ግን አይሠራም። ሴኩኪኑማብ ለወገቡ ይረዳል፣ ክሮንስን ግን ሊያባብስ ይችላል። ለሁለቱም የሚሆኑት እንደ አዳሊሙማብና ኢንፍሊክሲማብ ያሉት ናቸው። የመገጣጠሚያ ሐኪም ስለ ሆዷ ሳይሰማ ቢያዝ፣ በቅን ልብ፣ በመመሪያው መሠረት፣ የተሳሳተውን ሊመርጥ ይችል ነበር።

እነሱ ግን ውድ ናቸው፣ ወዲያው የሚገኙም አይደሉም። በእጃችን ባለው ጀመርን። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ፣ ቀስ እያለ የሚቀነስ። የሰውነት መከላከያን የሚያበርደው አዛትዮፕሪን፣ ከደምና ከጉበት ክትትል ጋር። ሰልፋሳላዚን ለጉልበቷና ለትልቁ አንጀቷ፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር። ስቴሮይዱ ከመጀመሩ በፊት የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዋ ታየ፣ ስትሮንጊሎይድስ ለሚባለው ትልም ደግሞ አይቨርሜክቲን ወሰደች፤ ይህ ትል ስቴሮይድ ሲያገኝ ሰውነት ውስጥ ተባዝቶ ሊገድል ይችላል፣ እኛ አገር ደግሞ አለ።

ፋርማሲስቷ እስከዚያ ድረስ ብዙ አልተናገረችም ነበር። ሰውነቷ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ለሚችለው ቲቢ፣ መድኃኒቶቹ እንዳይቀሰቅሱት፣ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት የሚወሰደውን፣ ሪፋፔንቲን ያለበትን መድኃኒት ልናዝ ስንል አስቆመችን። «ክንዷ ውስጥ የእርግዝና መከላከያ አላት እኮ። ሪፋፔንቲን የእሱንም የፕሬድኒሶሎኑንም አቅም ያወርደዋል።» ማናችንም አልጠየቅናትም ነበር፤ ፋርማሲስቷ የምትወስደውን ሁሉ አንድ በአንድ ስታስቆጥራት ነው የተነገራት። ስለዚህ ለስድስት ወር ኢሶኒያዚድ ከቫይታሚን ቢ6 ጋር ተመረጠ። ሜቶትሬክሴትም ከዝርዝሩ የወጣው በዚያው ወሬ ነው። ታካሚዋ ልጅ ትፈልጋለች፣ ያ መድኃኒት ደግሞ ጽንስ ይጎዳል።

የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሆዷ ቀድሞ ተሻለ፤ ደሙ ቆመ፣ ሌሊት መነሳቱም ቀረ። ጉልበቷ ከሆዷ ጋር በረደ፣ እንደተጠበቀው። በምርመራ የታየው የደም ማነሷም እየተስተካከለ ነው። የተደገመው ኮሎኖስኮፒ አብዛኞቹ ቁስሎች መዳናቸውን አሳይቷል። ቲቢ ቢሆን ኖሮ በስቴሮይድና በአዛትዮፕሪን ይብስ ነበር እንጂ አይድንም፤ ኢሶኒያዚድ ብቻውንም ንቁ ቲቢ አይፈውስም። ያን ቀን የአንጀት ሐኪሙ ምስሎቹን ለሁላችንም ላከልን።

ወገቧ ግን የሚገባውን ያህል አልተሻለም። ይህንንም ጠብቀነው ነበር፤ ሰልፋሳላዚንና አዛትዮፕሪን ለአከርካሪ ብግነት አይሆኑም። እንቅስቃሴው ጠዋቷን አቅልሎላታል፣ ሌሊት መነሳቱ ግን አልቀረም። የምትፈልገው አዳሊሙማብ ነው። ሩማቶሎጂስቱ አዲስ አበባ ላይ የሚገኝበትን መንገድ እያፈላለገ ነው፤ ቤተሰቡም ተሰባስቦ ምን ያህሉን መሸፈን እንደሚችል እየተመካከረ ነው። መድኃኒት ያለበት ግን ያልተገኘ ሕመም ለሐኪምም ከባድ ነው። ኮሎኖስኮፒውን ለማሳመር ሳይሆን ይህችን ሴት ቀና ብላ እንድትሄድ ነው የተሰበሰብነው።

በዚህ መሐል የተለወጠ ነገር የለም አልልም። የተመላላሽ ክፍላችን ሬዚደንቶች ከ40 ዓመት በታች ሆኖ ወገቡን ለሚያመው ሁሉ ስለ ሆድ፣ ስለ ዓይንና ስለ ተረከዝ ይጠይቃሉ። የኢንዶስኮፒ ክፍሉም የአንጀት ብግነት ላለበት ሰው «ጠዋት ስትነሳ ወገብህ ምን ያህል ጊዜ ይደርቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ካለ ወደ እኛ ይልካል።

ለታካሚዋ የተሰጣት ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ብቻ አለ። ዓይኗ ቀልቶ ካመማት ወይም ብርሃን ካስቸገራት በዚያው ቀን ዓይን ክፍል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ቆዳና ዓይኗ ቢጫ መሆን ከጀመረ መድኃኒቱን ይዛ ወደ እኛ። ከፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ ከመግዛቷ በፊት ለፋርማሲስቷ ስልክ። ክንዷ ውስጥ ያለውን መከላከያ በሚቀጥለው ዓመት ማስወጣት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በፊት የማኅፀን ሐኪም ጨምረን እንደገና እንቀመጣለን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚቀጥልና የትኛው እንደሚቆም ያኔ ይወሰናል።